የዓርብ ከሰዓት ሳቅ

ፋናዬ ልትሄድ መሆኗን ለተክለወልድ የነገረችው ቁርሱን አቅርባ፣ የደም ግፊት ክኒኑን ከውሃው ጎን አስቀምጣ፣ እጇን በሽርጧ እየጠራረገች ነበር። ከጅቡቲ ከተማ ዳር፣ ፔካ 12 ላይ፣ ከኢትዮጵያ የሚወርዱት የከባድ መኪና ሾፌሮች ከሚያቆሙበት ፊት ለፊት፣ አንዲት የአገሯ ልጅ ምግብ ቤት ነበራት። ሴትየዋ በቃኝ ብላ ወደ ኮምቦልቻ ልትመለስ ነው፤ ቤቱን ፋናዬ ልትይዘው ተስማምተዋል።

«ሰኔ ሲገባ እሄዳለሁ፣ ጋሼ» አለችው። «እስከዚያ ሰው እፈልግልዎታለሁ።»

ተክለወልድ ክኒኑን ዋጠና «ጥሩ ነው፤ መልካም» አለ። እሷ ሰሃኑን አንስታ ስትወጣ ግን እዚያው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ረፈደበት። ዕድሜውን ሁሉ ሰው ሲመጣና ሲሄድ ያየ ሰው ነው። ሰው በምን እንደሚያዝ ግን ተምሮ አያውቅም።

ተክለወልድ ጅቡቲ ተወልዶ ጅቡቲ ያረጀ ነው። አባቱ ከድሬዳዋ የመጣ የባቡር ጋራዥ ቀጥቃጭ ነበር፤ እሱ ደግሞ ፈረንሳይኛውን ተምሮ በጅቡቲው ለገሃር የጭነት ክፍል ጸሐፊ ሆነ። ባቡሩ እያሳለ፣ እያነከሰ፣ በመጨረሻ ቀጥ እስኪል ድረስ ከዚያው ጠረጴዛ አልተነሣም። ካርቲዬ 2 በሚባለው ሰፈር ውስጥ ግቢ ያለው ቤት ወረሰ፤ የውብዳርን አገባ፤ አንዲት ልጅ ወለደ። ልጂቱ ፅዮናዊት ሊዮን ትኖራለች፤ እሑድ እሑድ ትደውላለች። የውብዳር ካረፈች አራት ዓመት ሆኗታል። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሰባ አራት ዓመት የሞላው ተክለወልድና፣ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ለሠራተኝነት መጥታ እዚያው አርባ አምስት የሞላት ፋናዬ።

ሰው ይጠረጥር ነበር። የተጠረጠረው ቢሆን እንኳ ደግ ነበር፤ ፍቅር ቢያንስ ስም አለው፣ ሽማግሌ ይላክበታል። የሱ ነገር ግን ስም የለውም። ያለ እሷ መኖር አያውቅበትም፤ ይኸው ነው። ውሃው የሚመጣበትን ሰዓት የምታውቀው እሷ፣ የጣሪያው ቬንቲሌተር ሲያጓራ የት ጋ እንደሚመታ የምታውቀው እሷ። በግንቦት ሙቀት አንድ ሽማግሌ ብቻውን እዚያ ቤት ውስጥ ቢሞት፣ የሚታወቀው በስንተኛው ቀን እንደሆነ አስቧል።

እንዴት አድርጎ ያስቀራታል? ቢለምናት ትሰማዋለች፤ አንገቷን ደፍታ ትሰማዋለች፤ ትሄዳለች። ቢቆጣት ጭራሽ ትፈጥናለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ ከርሞ፣ አንድ ቀን ቁም ሳጥኑ ላይ አቧራ የለበሰውን ካርቶን አየ። የቪዲዮ ካሴቶቹ። ዓርብ ከሰዓት። ልቡን ቀለል አለው።

ያኔ፣ ባቡሩ በሚሠራበት ዘመን፣ ድሬዳዋ ያለው የሚስቱ ወንድም አዳነ ለበዓል ለበዓል በቴሌቪዥን የሚታየውን ቀልድና አጫጭር ድራማ በካሴት እየቀዳ በባቡር ሠራተኞች እጅ ይልክላቸው ነበር። ካሴቱ በሚቀጥለው ባቡር መመለስ አለበት፤ እዚያም ተራ የሚጠብቁ አሉ። ተክለወልድ ያለው አንድ ዴክ ስለነበር ካሴት ከካሴት መገልበጥ አይችልም። ስለዚህ ዘዴ ፈጠረ። ከአንድ የሠርግ ቪዲዮ አንሺ ካሜራ ይዋሳል፤ ከተመልካቹ ጀርባ፣ በውሃ በርሜሉ አጠገብ ያቆመዋል፤ ካሜራው ቴሌቪዥኑን ከነተመልካቹ ይቀርጻል። ታዲያ በሱ ካሴቶች ላይ ያለው ድራማው ብቻ አይደለም። የሰው ማጅራት አለ፤ ሳል አለ፤ «ኧረ ዝቅ በይ፣ ጋረድሽኝ» አለ፤ ሳቅ አለ።

ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት የባቡር ቤተሰቦች ነበሩ። ከኋላ፣ በርሜሉ ሥር፣ ሰሌን ላይ የየቤቱ ሠራተኞች ይቀመጣሉ፤ ዓርብ ከሰዓት ለነሱም የዕረፍት ሰዓታቸው ነው።

ከሁሉም የምትወደደው አስካለች ነበረች። አስካለች ከገጠር መጥታ አዲስ አበባ አንዲት ባለጸጋ ወይዘሮ ቤት የተቀጠረች ገረድ ናት። ቴሌቪዥን ውስጥ ዜና የሚያነበውን ሰውዬ ስታይ እንግዳ መስሏት ነጠላዋን ታስተካክላለች፤ እጅ ትነሣለች፤ ሻይ በትሪ ታቀርብለታለች፤ አልጠጣም ሲላት ታኮርፋለች። ወይዘሮዋ ስትጮህባት አንድ መልስ ብቻ ነው ያላት፦ «እኔ ምን አውቄ፣ እትዬ!» ይህን ጊዜ ግቢው ይናወጥ ነበር።

እንደ ፋናዬ የሚስቅ ደግሞ አልነበረም። ተክለወልድ ይህን ያስታውሳል፤ በዚህም እርግጠኛ ነው። ሆዷን ይዛ፣ ከጎኗ ያሉትን ልጆች እየደገፈች፣ እንባዋ እስኪወርድ። ድራማው ሲያልቅ ደግሞ ተነሥታ አስካለችን ትሆንላቸዋለች፤ ከተዋናይቱ ታስንቅ ነበር። አብሮ የሳቀ ሰው እንዴት ትቶ ይሄዳል? ያንን ደስታዋን መልሶ ቢያሳያትስ?

ካርቶኑን ይዞ ገበያው አጠገብ ወዳለው ከይረዲን ሄደ። ከይረዲን ስልክና ቴሌቪዥን የሚጠግን የድሬ ልጅ ነው፤ እንደ አገሩ ሰው ለትልቁም ለትንሹም «አንተ» ይላል።

«ጋሽ ተክሌ፣ ሙዚየም ልትከፍት ነው እንዴ?»

«ዝም ብለህ ወደ ፍላሽ ገልብጥልኝ።»

ከሰባቱ ካሴቶች ሁለቱን ሻጋታ በልቷቸዋል። የዳነውን የአስካለችን ካሴት ከይረዲን ከፈተው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ማየት ጀመሩ። ተክለወልድ ገና ከመጀመሪያው ከንፈሩ ሊስቅ ተዘጋጅቶ ነበር። ነገሩ ግን ይጎተታል። ወይዘሮዋ ትጮሃለች፤ አስካለች ትወድቃለች፤ ወይዘሮዋ ደግማ ትጮሃለች፤ አስካለች ደግማ ትወድቃለች።

«በዚህ ነው ስትስቁ የኖራችሁት?» አለ ከይረዲን ስልኩን እየነካካ።

«ያኔ ያስቅ ነበር።»

«ምኑ?»

ጨዋታ አዋቂ ነው ብሎ አወድሶ ያመጣው እንግዳ በሰው ፊት ዲዳ እንደሆነበት ሰው ተክለወልድ አፈረ። የአያቶቻችን ሙሾ ዛሬም አንጀት ይበላል፤ ቀልዳቸውን ግን ማን ይስቅበታል? ሙሾ የሚናገረው ስለ ሞተ ሰው ነው፤ ሞት ደግሞ የትም አይሄድም። ቀልድ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው እዚያው ክፍል ውስጥ ስላለ፣ አፍ ስለሌለው ሰው ነው። ያ ሰው አፍ ያወጣ ዕለት ቀልዱ ይሞታል። ተክለወልድ ይህን ያኔ አላሰበውም፤ ያኔ ያሰበው የካሴቱን ማርጀት ብቻ ነበር።

ድራማው አለቀ፤ ካሜራው ግን አልጠፋም ነበርና ካሴቱ ቀጠለ። የውብዳር ድምፅ መጣ፦ «በይ ተነሺ፣ ያንቺን አስካለች አሳዪን።» አንዲት ከሲታ ልጅ ከሰሌኑ ተነሥታ ከወንበሮቹ ፊት ቆመች። ትሪ አንሥታ ቴሌቪዥኑ ፊት እጅ ነሣች። «እኔ ምን አውቄ፣ እትዬ!» አለች፤ ዓይኗን ወደ ውስጥ አዙራ፣ አንገቷን እንደ ዶሮ ሰብራ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

ከይረዲን ስልኩን አስቀመጠ። ሳቀ፤ ወንበሩን ይዞ ሳቀ። «ቀልድስ ይቺ ናት! ማናት?»

«ፋናዬ ናት። የኛዋ።»

«በአላህ! ቲክቶክ ላይ ልልቀቃት?»

ተክለወልድ ከገባ ጀምሮ ተሸንፎ የቆየ ልቡ ተነሣ። «ልቀቃት። ደስ ይላታል» አለ።

እሷን ልጠይቅ የሚል ሐሳብ አልመጣለትም። ክፋት ቢኖርበት ኖሮ ይመጣለት ነበር፤ ክፉ ሰው ቢያንስ የሚያደርገውን ያውቃል።

በሳምንቱ ከይረዲን ደውሎ አስተያየቶቹን አነበበለት። ብዙ ሺህ ሰው አይቶታል። «ድሮ ቀረ ቀልድ» ብሏል አንዱ። «የዛሬዎቹ ከዚች ልጅ ተማሩ» ብሏል ሌላው። ተክለወልድ ስልኩን ዘግቶ ለብቻው ፈገግ አለ። ዓርብን መረጠ።

ዓርብ ምሳ ከተበላ በኋላ ፋናዬን ጠርቶ የሚስቱ ወንበር ላይ እንድትቀመጥ ለመናት።

«ልብስ ዘፍዝፌያለሁ፣ ጋሼ።»

«ልብሱ ይቆያል። ተቀመጪ፤ አንድ ነገር ላሳይሽ።»

ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ፍላሹን ሰካው። አስካለች ወጣች። ተክለወልድ በአንድ ዓይኑ ቴሌቪዥኑን፣ በአንድ ዓይኑ ፋናዬን እያየ በየቦታው ሳቀ፤ ሳቁ ለራሱም ጆሮ የተዋሰው መሰለ። እሷ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ትመለከታለች። ሐኪም ቤት ተራ የምትጠብቅ ትመስላለች።

«አያስቅሽም እንዴ?»

«ያኔም አያስቅም ነበር።»

«ምን ማለትሽ ነው? ከሁላችን በላይ የምትስቂው አንቺ አልነበርሽም?»

«እስቅ ነበር።»

«ታዲያ?»

ፋናዬ ስትናገር ድምፅዋ «ለቁርስ ምን ይሁንልዎ?» ስትል የሚሰማው ነበር።

«በሳምንት የምቀመጠው ያችን የዓርብ ሰዓት ብቻ ነበር፣ ጋሼ። ዝም ካልኩ እትዬ የውብዳር ዞር ይሉና 'ውሃ አምጪ'፣ 'ልጂቱን እዪ'፣ 'በሩን ዝጊ' ይላሉ። እየሳቅኩ ከሆነ ግን 'ተዉአት፣ ትሳቅበት' ይላሉ። ሌሎቹም የሰሌኑ ልጆች ያውቁታል። አንዷ ሲደክማት ሌላዋ ትቀጥላለች፤ ተራ ነበረን።»

ቴሌቪዥኑ ገና አልጠፋም። ተክለወልድ ሳያስበው ማዳመጥ ጀመረ። ካሜራው ከኋላ ስለነበረ ከሁሉ የሚጎላው የሰሌኑ ሳቅ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት አልሰማውም ነበር፤ አሁን ሰማው። የወንበሮቹ ሳቅ ቀልዱን ጠብቆ ይፈነዳና ይበርዳል። የሰሌኑ ሳቅ ቀልዱ ሳይደርስ ይጀምራል፤ ቀልዱ ካለፈም በኋላ አይቆምም፤ ሲሳሳ ከጎኑ ሌላ ድምፅ ይነሣና ይቀበለዋል። ፈረቃ ነበረው። ልክ ለገሃር ጭነት እንደሚያወርዱት ሰዎች።

«አስካለችን ስትሆኚልንስ?» አለ፤ ለምን እንደጠየቀ አላወቀም። «ማን አስገደደሽ?»

«ተነሺ ከተባለ ይነሣል እንጂ።» ፋናዬ ቀና ብላ አየችው፤ ከገባች መጀመሪያዋ ነበር። «ትናንት ፔካ 12 ሄጄ ነበር፤ ቤቱን ላጸዳ። አንድ ሾፌር ስናገር ሰምቶ አተኩሮ አየኝና 'አስካለች! እኔ ምን አውቄ በይልን' አለኝ። ደነገጥኩ። ማን ነገረው? እዚህ ሰፈር ያወጣችሁልኝን ያንን ስም ከሰፈሩ ውጭ የሚያውቅ የለም። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ።»

ተክለወልድ አገጩን አሻሸ።

«ደስ ይልሻል ብዬ ነው፣ ፋናዬ።»

«አውቃለሁ። እርስዎ እንደሆኑ ሳይነግሩኝ አውቄያለሁ።» ተነሣች። «ያንን ስም እዚህ ቤት ትቼው ልሄድ ነበር።»

ከዚያ ወጥታ ልብሷን አጠበች። ሙልጭ አድርጋ አጥባ አሰጣች። ሰኔን አልጠበቀችም፤ በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ በረንዳው ላይ ቆመች። «ነጩ ክኒን ጠዋት፣ ቢጫው ማታ ነው» አለችው። «ቢጫውን ሳይበሉ አይዋጡት። ሰው ልፈልግ ብዬ አልደረሰልኝም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ነበረች። እሱ «ግዴለም» አለ። ሚኒባሱ ከሄደ በኋላ ነው «ግዴለም» የሚለው ቃል ምን ያህል አስቀያሚ እንደሆነ የገባው።

ከይረዲን ዘንድ ሄዶ አጥፋው አለው። ከይረዲን አልተከራከረም፤ እዚያው አጠፋው። «እኔስ አጠፋሁት፣ ጋሽ ተክሌ። የወሰዱት ሰዎች ግን ብዙ ናቸው። አንዱ እንዲያውም ዘፈን ጨምሮበታል።»

ማክሰኞ ፔካ 12 ወረደ። መንገዱ የዶራሌ ወደብን ዕቃ በጫኑ መኪኖች ታጥሯል፤ አቧራው ከሙቀቱ ይብስ ነበር። ምግብ ቤቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ አምስት ጠረጴዛ የያዘ ነው፤ ሾፌሮች ሞልተውበታል። ፋናዬ ስታየው ፊቷ አልተለወጠም። ወንበር አቀረበችለት፤ ጨው የሌለው ወጥ አመጣችለት፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል የሱን ጨው አለመብላት አልረሳችም።

«አስካለች፣ አንድ ጨምሪ!» ብሎ ጮኸ አንድ ጎልማሳ ሾፌር።

ተክለወልድ ዞረ። «ስሟ ፋናዬ ነው» አለው።

«እናውቃለን፣ አባባ» አለ ሾፌሩ በትሕትና፣ እንጀራውን እየጠቀለለ። «ለጨዋታ ነው እኮ።»

ተክለወልድም ቢጠየቅ ኖሮ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የሚሰጠው መልስ ይኸው ነበር። ፋናዬ ሰሃን ልታነሣ ስትመጣ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ትመለሻለሽ?»

«አልመለስም፣ ጋሼ።»

«እዚህም እኮ ያው ነው። እዚህም እየጠሩሽ ነው።»

«እየጠሩኝ ነው» አለች ፋናዬ። «እነሱ በልተው ይሄዳሉ።» ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣለች። «ፀሐዩ ሳይበረታ ይመለሱ። ሚኒባሱን እዚያ ጥግ ላይ ነው የሚያገኙት።»

ሲመለስ ግቢው በር ላይ ዙለይካን አገኛት። ዙለይካ ግድግዳ የምትጋራው ሶማሌ ጎረቤቱ ናት፤ ከየውብዳር ጋር አብራ የወለደች፣ አብራ ያረጀች። አማርኛ ከሰላምታ በላይ አትችልም፤ ከተክለወልድ ጋር የሚነጋገሩት በሶማሊኛ ነው። ሩዝ በሳህን ሸፍና ይዛለች።

«አስካለች ታመመች እንዴ?» አለችው። «ሦስት ቀን ሙሉ አጣኋት።»

«ሄደች። የራሷን ሥራ ጀመረች።» ቁልፉን ሲፈልግ ቆየ። «ደግሞ ስሟ አስካለች አይደለም፣ ዙለይካ። ፋናዬ ነው።»

«ፋናዬ ማን ናት?»

ተክለወልድ ቁልፉን መፈለግ ተወ። ሴትየዋ አትቀልድም። ይህን ሁሉ ዓመት በግድግዳው ላይ እየተጣራች ጨው ስትዋስ፣ ሽንኩርት ስትሰጥ፣ ለየውብዳር ልቅሶ አብራት ስትቀመጥ፣ ፋናዬን የምታውቃት በዚያ ስም ነው፤ ክርስትና የተነሣችበት መስሏት። በአክብሮት ነው የጠራቻት። ፋናዬም መልስ የሰጠቻት በዚያው ስም ነው።

ማስረዳት ነበረበት። ጀመረ። ድራማ ነበር አላት፤ ዓርብ ዓርብ እዚህ ግቢ የምናየው፤ ትዝ ይልሻል፣ አንቺም ትመጪ ነበር። እዚያ ውስጥ አንዲት የገጠር ልጅ አለች። ገረድ ናት። ስሟ አስካለች ነው። እኛ ደግሞ የኛዋን ልጅ በሷ ስም ጠራናት። ዙለይካ ፊቷን አጨፍግጋ ታዳምጣለች። ለምን በሷ ስም? አለች። እሱም ለምን እንደሆነ ለማስረዳት የድራማዋ ልጅ የምታደርገውን መናገር ነበረበት። ከተማ አታውቅም አላት። ቴሌቪዥን አይታ አታውቅም፤ ዜና የሚያነበውን ሰውዬ እንግዳ መስሏት እጅ ትነሣዋለች። ሻይ ታቀርብለታለች። አልጠጣም ሲላት ትቀየመዋለች።

ይህን በኀዘን ነበር የተናገረው፤ እንደ ኑዛዜ። የዙለይካ ከንፈር ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች፤ አልቻለችም። ሳህኑ እጇ ላይ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፤ በሩን ተደግፋ ሳቀች። ቀልዱ ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ፣ በሰው አገር ቋንቋ፣ ካዘነ ሽማግሌ አፍ ወጥቶ እንኳ አንዲት ጥርስ አልጎደለበትም።

«ያኔ ምን እንደሚያስቃችሁ ሳይገባኝ እናንተን እያየሁ ነበር የምስቀው» አለችው ዓይኗን እየጠረገች። «ለካ እውነትም ያስቃል።»

ተክለወልድ ቁልፉን አገኘው። በሩን ግን አልከፈተም፤ ሴትየዋ ክንዱን ይዛዋለች።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለችው። «ከዚያስ ምን አደረገች?»